ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹን ሳስቀራ፣ ከደረሶቼ አንዱ፣ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ቀና ብሎ «ኡስታዝ፣ እኔ የግራኝ ልጅ ነኝ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ትምህርት ቤት በኳስ ተጣልተው ጓደኛው የሰደበው ስድብ ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ተለቅ ያለ ልጅ ቀደመኝና «አዎ ነህ! ኩራ እንጂ! ኢማሙ ይህን አገር ሁሉ ገዝቶት ነበር» አለው። ሁለቱንም ዝም አሰኝቼ ወደ ሱራችን ተመለስን። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ስድብ ሰምቻለሁ። አባቴን ብጠይቀው «ዝም ብለህ ተማር» ብሎኝ አለፈ። እነሆ ፀጉሬ ሸበት ካለ በኋላ ያው ጥያቄ በልጅ አፍ ተመልሶ መጣብኝ። ታዲያ እኔም «ዝም ብለህ ተማር» ልበለው?

ውድ አንባቢያን! ለልጆቻችን የነጃሺንና የመጀመሪያውን ሂጅራ ታሪክ እናስተምራለን። ይህ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ መቶ ዓመት ግን ዘለን እናልፈዋለን። ልጆቹ እኛ የዘለልነውን ከመንገድ ይለቅሙታል፤ ከመንገድ የተለቀመ ታሪክ ደግሞ ወይ ያሳፍራል ወይ ያስታብያል። እንግዲህ ለዚያ ልጅ ያልመለስኩለትን ለወላጆች በዚህ ጽሑፍ ልመልስ። ዘመኑ ከ14ኛው እስከ 17ኛው ምዕተ ዓመት ያለው ነው፤ ዓመታቱም በሌላ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት መንግሥት፣ አንድ መንገድ

በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአገራችን ከፍታ ላይ የክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ነበረ። ከሸዋ ምሥራቅ እስከ ባሕር ድረስ ደግሞ የሙስሊም ሱልጣኔቶች ነበሩ። ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ የተባለው የደማስቆ ተወላጅ ሊቅ፣ ካይሮ ከነበረው ከፈቂህ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ጠይቆ ሰባቱን መዝግቧቸዋል፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ ይባላሉ። ከሁሉም ገናናው የወላስማዎቹ ኢፋት ነበር፤ ምክንያቱም የዘይላ ወደብ መንገድ በእጁ ነበረና።

የደጋው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ ሊያሳዝነን የሚገባው የባሪያ ንግድም ጭምር በዚያ መንገድ ይወርዳል። ጨርቃ ጨርቅና ሌላው ዕቃ በዚያው ይወጣል። ንጉሡ ያለ ዘይላ ሐር አይለብስም፤ ዘይላም ያለ ደጋው ሸቀጥ አትኖርም። ኢብን በጡጣ በ1331 አካባቢ ዘይላ ደርሶ ነበር። ከተማዋን ታላቅ ገበያ ያላት ብሎ መስክሮላታል፤ ከዓሣውና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ሽታ የተነሣ ግን ሌሊቱን በመርከቡ ላይ ማደርን መርጧል።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1332፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮንና የኢፋቱ ሰብረዲን ተዋጉ፤ ንጉሡ አሸነፈና ኢፋት ገባር ሆነች። ይህን ጦርነት የሃይማኖት ጦርነት ብቻ አድርገን ካስተማርን ግማሹን ደበቅን ማለት ነው። ነገሩ የመንገድና የቀረጥም ነበር። ጦሩ ሲመለስ ነጋዴው በዚያው መንገድ በቅሎውን ጭኖ ይወርድ ነበርና።

ሰውን ከሰው የማይለይ ሞት

አል-ዑመሪ ሰባቱን የሙስሊም አገሮች በጻፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1347፣ ጦዑን፣ ማለትም ታላቁ ቸነፈር፣ በመርከብ እስክንድርያ ገባ። ከጥቁር ባሕር ወደቦች ተነሥቶ፣ ከእህልና ከሸቀጥ ጋር፣ ከአይጥና ከቁንጫ ጋር ተጭኖ ነው የመጣው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግብፅ፣ ከሻምና ከአውሮፓ ሕዝብ እጅግ ብዙውን፣ በብዙ ስፍራ ሲሶውን፣ አንዳንዱም ቦታ ከዚያ በላይ ፈጀ። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኸልዱን በቱኒስ እናትና አባቱን ያጣው በዚሁ በሽታ ነው፤ ያን ጊዜ ገና የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። ስለኛ አገር የጻፈልን አል-ዑመሪም በ1349 ደማስቆ ላይ በዚያው ቸነፈር ሞተ።

ኢብን በጡጣ በ1348 ደማስቆ ደርሶ ያየውን ሁሉ ሙስሊም ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል። ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾመ። ከዚያም ሙስሊሙ ቁርኣኑን፣ አይሁዱ ተውራቱን፣ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ይዞ፣ ወንዱ ከሴቱ፣ ትንሹ ከትልቁ ጋር፣ በባዶ እግሩ ወጥቶ ወደ ጌታው አለቀሰ። ሁሉም በአንድ መንገድ ሄዱ፤ ሞት በሦስቱም ደጃፍ እኩል ቆሞ ነበርና።

ወደ አገራችንስ መጣ? የግብፁ የታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ በ1430ዎቹ በሐበሻ ምድር ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው የፈጀ ወረርሽኝ እንደነበረ መዝግቧል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ ንጉሡ በቆረቆሯት በደብረ ብርሃን ከተማ ቸነፈር ገብቶ፣ ሬሳ የሚቀብር ሰው እስኪጠፋ ድረስ ሕዝቡ ማለቁን፣ ንጉሡም ሰው ተሰብስቦ ሟቾቹን እንዲቀብር ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። አስቡት እንግዲህ! በዚያ ዘመን ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ጦር ይማዘዙ ነበር። ቸነፈሩ ግን የማንንም ድንበር ሳይጠይቅ ሁለቱንም ቤት አንኳኳ።

እኛ ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ የቆየ መመሪያ አለን። በ639 በሻም ዐምዋስ ላይ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ በሽታው ምድር ሳይገቡ ተመለሱ። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ዐብዱራህማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ነግረዋቸው ልባቸው ረጋ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በአገራችን በገባ ጊዜ የጀማዓ ሶላት ሲቋረጥ ቅር ያላቸው ወንድሞች ነበሩ። ከዑመር (ረ.ዐ.) የበለጠ በአላህ ላይ የሚመካ ማን አለ? ያኔ የአገራችን የሃይማኖት አባቶች ሁሉ በአንድነት የጸሎት ወር ሲያውጁ እኔ የደማስቆው ጉዞ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ሃይማኖት የዙፋን በትር ሲሆን

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 የገዙ ብርቱ ንጉሥ ናቸው። መጻሕፍት ጽፈዋል፣ አብያተ ክርስቲያናት አሠርተዋል። ይሁን እንጂ መንግሥታቸውን በአንድ እምነትና በአንድ ሥርዓት ጨብጠው ለመያዝ ሲሉ በትሩን በመጀመሪያ ያሳረፉት በራሳቸው ወገን ላይ ነበር። ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ በግንባሩ እንዲያስር አዘዙ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት የንጉሡን ሥርዓት አንቀበልም ስላሉ ብዙ ግርፋትና ሞት ደረሰባቸው። የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ ባዕድ አምልኮ ፈጽማችኋል ተብለው ተገርፈዋል፤ ከመካከላቸው የሞቱም አሉ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስዋን የምታገኘው ከእስክንድርያ ነበር፤ እስክንድርያ ደግሞ በሙስሊሞቹ መምሉኮች እጅ ናት። በግብፅ ደብረ ምጥማቅ የተባለው ገዳም መፍረሱን የሰሙት ዘርዐ ያዕቆብ በ1443 ገደማ ለሱልጣን ጀቅመቅ ደብዳቤ ላኩ። የዓባይን ውሃ ሊያስቀሩ እንደሚችሉ፣ ይህን እንዳያደርጉ የከለከላቸው ግን ፈጣሪን መፍራታቸውና ለሰው ልጅ ማዘናቸው እንደሆነ ገለጹ። ከኛ ከጎጃም የሚፈልቀው ዓባይ ያኔም በነገሥታት አፍ እንደ ጦር ይወረወር ነበር ማለት ነው።

በሙስሊሙም ወገን ነገሩ ያው ነበር። ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ በንጉሡ ጦር ከተገደለ በኋላ ልጆቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ተመልሰውም የአዳልን መንግሥት አቆሙ። ከልጆቹ አንዱ በድላይ ብዙ ጦር አስከትቶ ወደ ደዋሮ ዘመተ። በታኅሣሥ 1445 ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር ገጠመና ተገደለ፤ ሬሳውም ተቆራርጦ በየአገሩ ለመታያ ተላከ። እንዲህ ያለው ነገር ለአሸናፊው የአንድ ቀን ደስታ፣ ለተሸናፊው ልጅ ደግሞ የመቶ ዓመት ቂም ነው።

የሐድያዋ ልጅ በጎጃም

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በእነብሴ፣ መርጡለ ማርያም አለች። በዚያ የቆመውን ጥንታዊ የድንጋይ ፍርስራሽና ቅርጽ ያየ ሁሉ ይደነቃል። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ ማን ናት? ከሐድያ የሙስሊም ገዥ ቤት የተወለደች ልጅ ናት! ለዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ተድራ፣ ተጠምቃ ገባች። በጋብቻ ሰላም መግዛት የዚያ ዘመን ነገሥታት ልማድ ነበር። በብልሃቷና በዕውቀቷ ተከብራ በብዙ ነገሥታት ዘመን ኖረች። ጎጃም ውስጥ ሰፊ ግዛት ነበራት። በ1508 ልጁ ልብነ ድንግል ሲነግሥ መንግሥቱን በእንደራሴነት የያዘችው እርሷ ነበረች።

እኔ ይህችን ሴት ሳስብ ልቤ ሁለት ይሆናል። እንደ ሙስሊም ከዲኗ መውጣቷ ያሳዝነኛል። እንደ ታሪክ ተማሪ ግን በዘመኗ ከነበሩት ሁሉ አርቃ ያየች እርሷ መሆኗን መካድ አልችልም። ከአዳል ጋር ሰላምና ንግድ እንዲኖር ትሻ ነበር። ይሁን እንጂ በባሕሩ ላይ አዲስ ነገር መምጣቱንም አይታለች።

አዲሱ ነገር እንዲህ ነው። በ1498 የፖርቱጋሉ ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ ህንድ ደረሰ። ለብዙ ምዕተ ዓመታት የህንድ ውቅያኖስ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም መርከበኞች እጅ ነበር፤ አሁን መድፍ የጫኑ መርከቦች መጡበት። ፖርቱጋሎች በ1507 ሶቆጥራን ያዙ፣ በ1509 ዲዩ አጠገብ የመምሉኮችንና የህንድ አጋሮቻቸውን መርከቦች ሰባበሩ። እሌኒ ይህን ሰምታ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። መልእክቷም ባጭሩ፣ እኛ በየብስ ሰውና ስንቅ አለን፣ በባሕር ግን ኃይል የለንም፤ ባሕሩን እናንተ ያዙት፣ በአንድነት እንዝመት የሚል ነበር። ማቴዎስ ብዙ ተንገላቶ በ1514 ሊስቦን ገባ። እሌኒ ጎረቤቷን ለመቋቋም የሩቅ ዘመድ ጠራች ማለት ነው። ይህ ጥሪ ኋላ ምን ይዞ እንደሚመጣ እርሷም አላወቀችም።

1517፦ ሦስት ነገር በአንድ ዓመት

በ1517 ሦስት ነገሮች ሆኑ። የአዳሉ የጦር አለቃ መሕፉዝ፣ በየዓመቱ ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም በደከመበት ወራት ደጋውን ሲወር የኖረው፣ በወጣቱ ልብነ ድንግል ጦር ተገደለ። በዚያው ዓመት የፖርቱጋል መርከቦች ዘይላን አቃጠሉ። በዚያው ዓመት ዑስማንያ ቱርኮች ካይሮን ገብተው የመምሉኮችን መንግሥት አጠፉ፤ ቀይ ባሕርም ደጃፋቸው ሆነ።

እንግዲህ የቀይ ባሕር ዳርና ዳር በሁለት ታላላቅ ኃይሎች ተያዘ። የደጋው ንጉሥና የቆላው ሱልጣን ቀድሞ እርስ በርስ ይዋጉና ይነግዱ ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም ከኋላቸው መድፍ ያለው ወዳጅ አገኙ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ምጽዋ ደርሰው እስከ 1526 በአገሩ ቆዩ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ሲጓዝ ማናደሌ የምትባል የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ አግኝቷል፤ ለንጉሡ እየገበሩ በሰላም ይነግዱ ነበር። ጦርነቱ በደጅ ቆሞ እንኳ ገበያው አልተበተነም ነበር።

እሌኒ በነዚያ ዓመታት ሞተች። ሕዝቡ አባትም እናትም ጠፋብን ብሎ እንዳለቀሰ አልቫሬዝ ጽፏል። ልብነ ድንግል ግን በመሕፉዝ ላይ ባገኘው ድል ልቡ ኮርቶ ነበርና የሰላሙን ምክር የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም።

ዐሥራ አራት ዓመት

የዚያ ልጅ ጥያቄ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አል-ጋዚ የመሕፉዝን ልጅ ባቲ ድል ወንበራን አግብቶ፣ የአዳልን ጦር አደራጅቶ ተነሣ። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡን ታላቅ ሠራዊት ድል አደረገ። ከ1531 ጀምሮ አብዛኛውን የደጋ አገር ያዘ። ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ።

የኢማሙን ጀግንነትና የጦር ብልሃት ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል። የርሱን ዘመቻ አብሮት የነበረው ዐረብ ፈቂህ ጽፎልናል። ነገር ግን ልጆቻችን እውነቱን ሁሉ ይወቁ፦ በዚያ ዘመቻ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ብዙ ንጹሐን ሞቱ፣ ብዙዎችም ሰይፍ ፈርተው ሃይማኖት ለወጡ። የእሌኒ መርጡለ ማርያምም ከተዘረፉት አንዷ ናት። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ቁርኣን ያስተማረን ሕዝቦች ነንና፣ ሰይፍ ፈርቶ የተቀበለ ሰው እስልምና የሚያኮራን አይደለም። ጦሩ ሲያልፍ አብዛኛው ወደ ነበረበት መመለሱም ይህንኑ ያሳያል።

ከዚያ የሩቅ ዘመዶች መጡ። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋ ወጣ። ኢማሙም ከየመን፣ ከዘቢድ፣ የቱርክን ነፍጠኞች አስመጣ፤ ወደ ዘጠኝ መቶ ይደርሱ ነበር። በነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ ኢማሙ አሸነፈ፤ ክሪስቶቮ ተማርኮ ተገደለ። ኢማሙ ድሉ ያለቀ መስሎት አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናበተ። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ፣ ወጣቱ ዐፄ ገላውዴዎስና የቀሩት ፖርቱጋሎች ድንገት ደረሱበት፤ ኢማሙ ተገደለ፣ ሠራዊቱም ተበተነ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ለራሳቸው ያዙ። የፖርቱጋል ካህናት ደግሞ የደጋውን ሕዝብ ሃይማኖት ለመለወጥ መጡ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ የሐበሻ ሙስሊምና ክርስቲያን ገበሬ ግን በአራት ዝሆኖች መካከል ነበር የወደቀው።

የሐረር ግንብ

የኢማሙ የእህት ልጅ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ባቲ ድል ወንበራን አግብቶ የኢማሙን ደም ሊመልስ ተነሣ። በ1559 ገላውዴዎስን ገጥሞ ገደለው። ደሙ ተመለሰ፤ ነገር ግን ከድሉ ምን ተገኘ? ለረጅም ዓመታት በጦርነት የደከመው ምድር አልታረሰም፤ ሐረር ታላቅ ረሃብ ገባ። የኦሮሞ ሕዝብም ያን ጊዜ በሰፊው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እርስ በርስ የተዳከሙት ሁለቱ መንግሥታት ሊያቆሙት አቅም አልነበራቸውም። አሚር ኑር ከተማይቱን በጁገል ግንብ አጠረ። ያ ግንብ ከአምስት በሮቹ ጋር እስከ ዘመናችን ቆይቶ በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ግንቡ ጦርን አገደ፤ ቸነፈርን ግን አላገደም። ገላውዴዎስን የገደለው አሚር ኑር በ1567 በሐረር በተነሣው ወረርሽኝ ሞተ። በ1577 የአዳል መንግሥት መቀመጫ ወደ አውሳ በረሃ ተዛወረ፤ የጥንቱ ኃይሉም አልተመለሰም። በ1347 እስክንድርያ የገባው ዓይነት ሞት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም የነገሥታቱን ድል ባዶ ያደርግ ነበር። ሱብሓነላህ!

ዙፋኑ ወደ ዓባይ ሲመጣ

የክርስቲያኑም መንግሥት ቢሆን እንደቀድሞው አልሆነም። ከሸዋና ከደቡብ ተገፍቶ ወደ ጣና ዳር መጣ፤ ጎጃምም የዙፋን ጎረቤት ሆነች። የሃይማኖት አገዛዝ ፈተና አሁን በዚሁ በኛ አገር ታየ።

ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) የፖርቱጋልን ጦር ርዳታ በመሻትና በኢየሱሳውያን ካህናት ትምህርት በመሳብ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። ከካህናቱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከንጉሡ ጋር ወደ ሰከላ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ ሰው ነው። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጎጃምን ይገዛ ነበርና አዲሱን እምነት በኃይል አስፋፋ። ካህናቱም በጎጃም መኖሪያዎች ሠሩ፤ የመርጡለ ማርያምንም ቤተ ክርስቲያን እንደገና አነሡ። የጎጃምና የዳሞት ገበሬና መነኩሴ ግን የአባቶቻችንን ሃይማኖት አንለቅም ብሎ ደጋግሞ አመፀ፤ ደጋግሞም ተቀጣ።

በ1632 ከላስታ ዐማፅያን ጋር በተደረገው ጦርነት ወደ 8,000 የሚደርሱ ገበሬዎች በሜዳ ላይ ወደቁ። መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል እየወሰዱ፣ እነዚህ የገዛ ወገኖቻችን ክርስቲያኖች ናቸው፣ በዚህ ድል ራሳችንን ነው የወጋን አሏቸው። ሱስንዮስ ልባቸው ተሰብሮ እያንዳንዱ በአባቱ እምነት እንዲኖር ዐወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ይህ ጦርነት በክርስቲያንና በክርስቲያን መካከል የተደረገ ነበር! የሃይማኖት በትር ሙስሊሙን መትቶ የሚያቆም በትር አይደለም፤ ሌላ ካጣ የያዘውን ሰው ቤት ይመታል።

ፋሲለደስ ካህናቱን አስወጡ። ዳግመኛ እንዳይገቡ ለማገድም ከማን ጋር ተዋዋሉ? ከምጽዋና ከሰዋኪን የቱርክ ፓሻዎች ጋር! ወደ የመኑ ኢማምም መልእክተኛ ላኩ፤ ቃዲ አል-ሐሰን አል-ሐይሚ በ1648 ከየመን ተነሥተው ጎንደር ድረስ መጥተው ነበር። እሌኒ በሙስሊሞች ላይ እንዲረዷት የጠራቻቸውን ሰዎች፣ ከእርሷ በኋላ የመጣው ንጉሥ በሙስሊሞች ርዳታ በሩን ዘጋባቸው። በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ነገሩ እንዲህ ዞረ።

የቀረው ምንድን ነው?

ነገሥታቱ አለፉ፤ ነጋዴው ቀረ። በደጋው አገር ሙስሊሙ ርስት ተከልክሎ ስለነበር በንግድና በሽመና ኖረ። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ አዘዘ። ይህ በደል ነበር፤ በደልነቱንም ለልጆቻችን እንናገራለን። በ1878 የቦሩ ሜዳው ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የደረሰውን የግዳጅ ጥምቀትም አንረሳም። ሆኖም የሙስሊሙ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ከጎንደር በጎጃም አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ እስከ እናርያ ይወርድ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው የባሶ ገበያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በመላ አገሪቱ የታወቀው በዚህ ንግድ ነው። ጨው፣ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ በዚያ ይለዋወጡ ነበር። ክርስቲያኑ ገበሬ የሙስሊሙን አሞሌ ካልገዛ ወጡ አይጣፍጥም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ጤፍ ካልሸመተ ልጁ አይጠግብም።

ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ የሆነውን ጠቅለል ብናደርገው ይኸው ነው። ቸነፈር ሁለቱንም እኩል ገደለ። መርከብ ለሁለቱም የሩቅ ዘመድ አመጣ፤ የሩቁም ዘመድ የራሱን ጉዳይ ፈጽሞ ሄደ፣ ወይም ወደቡን ለራሱ ያዘ። ሃይማኖትን በኃይል የጫነ ንጉሥም ሱልጣንም ካሰበው አልደረሰም። ጎረቤትና ገበያ ግን በዚያ ሁሉ መካከል ቆዩ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአባቶቻችን አባባል በብዙ ደም የተገዛ ይመስለኛል። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግሞ አደራ ሲላቸው፣ ጎረቤት ሊወርስ ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ የደረሱት ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንኑ አስተምረውናል።

በሳምንቱ ልጁን ከነዚያ ከተለቁት ልጆች ጋር አስቀመጥኩትና ነገርኩት። «የማንም ልጅ አይደለህም፤ የአባትህ ልጅ ነህ» አልኩት። «ኢማሙ የራሱን ሥራ ይዞ ወደ ጌታው ሄዷል፤ ልብነ ድንግልም እንዲሁ። አንተ የምትጠየቀው በራስህ ሥራ ነው።» ልጁ ዝም ብሎ አሰበና «ታዲያ ያ ልጅ ነገ ደግሞ ቢሰድበኝስ?» አለኝ። «የመርጡለ ማርያምን ታሪክ ንገረው» አልኩት። «ያችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ከሙስሊም ቤት የወጣች የሐድያ ልጅ ናት በለው። ያን ጊዜ እናንተና እኛ እየተባባለ የሚለየው አጥር የት ላይ እንደቆመ እሱም ራሱ ይጠፋዋል።» ተለቅ ያለው ልጅ ሳቀ፤ ትንሹ ግን አልሳቀም። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድደግምለት ለመነኝ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ይህን ጥያቄ ይዘው ሲመጡ «ዝም ብለህ ተማር» አትበሏቸው። የወገናችንን ጀግንነት ስትነግሯቸው የወገናችንን ጥፋትም ንገሯቸው። የደረሰብንን በደል ስትነግሯቸው ከበደሉ መካከል እጁን የዘረጋውን ጎረቤትም አትርሱ። አላህ ልጆቻችንን ሐቅን የሚናገሩ፣ የጎረቤትን ሐቅ የሚጠብቁ ያድርግልን። አገራችንን ከቸነፈርና ከእርስ በርስ ጦርነት ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።